ከዱባይ የመጣው መልስ

አለበል ለሥልጠና ዱባይ ከሄደ ወር ሆነው። ሲሰናበት፣ ውጭ ሀገር ስልክ ማንሳት ራሱ ያስከፍላል፣ አትደውይልኝ ብሎ እናቱን ሰገነትን አስጠንቅቋት ነበር። እሷም ቃሉን ጠብቃ፣ ምን ይበላ ይሆን፣ ሙቀቱስ እንዴት አደረገው እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።

የጎልማሶች ትምህርት የሚያስተምራት ጌትነት ግን፣ የጽሑፍ መልእክት መቀበል እዚያም ቢሆን እንደማያስከፍል ነገራት። ከክፍል ስትወጣ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ሄዳ ከዋርካው ሥር ተቀመጠች። እስከዚያ ቀን በስልኳ የሚላከውን የምትጽፍላት፣ የሚመጣውንም የምታነብላት ልጇ መሲ ነበረች። አሁን አንዱን ፊደል ስታገኝ ሌላው እየጠፋባት፣ የደቅ ደሴት ጀልባ መጥታ ሰው አራግፋ እስክትመለስ ድረስ ለፍታ፣ «አለበል ልጄ ደህና ነህ ወይ። ናፈቅኸኝ። እናትህ» ብላ ላከች።

መልሱ ደጃፏ ላይ ደረሰላት። ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«መሲ፣ እማን አደራ፣ እስከ እሑድ ዱባይ ነው እያልሽ ያዥልኝ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ እሑድ በጠዋት ሠርጉ ቤት፣ ዱርቤቴ ድረሽ። ለእነ ዜማ እናቴ ታማለች ብያቸዋለሁ።»

የተሳሳተች መስሏት እንደገና ከላይ ጀመረች። አልተሳሳተችም። አምና ዜማን ላግባ ሲላት፣ ባል የፈታች ሴት ቤቴ አትገባም ብላዋለች፤ አልካደችም። በቁጣ የወጣ ቃል ከልጄ ሠርግ ያስቀረኛል ብላ ግን አላሰበችም። መሲስ? መሲ ወር ሙሉ አብራት ስትጨነቅ ነበር።

ገብታ ሽሮ ለምታማስለው ልጇ ስልኩን ሰጠቻት።

«መልእክት መጥቷል መሰል። እስቲ አንብቢልኝ።»

መሲ አየት አደረገችው። «ደህና ነኝ ይላል፣ እማ። ሙቀቱ ብቻ አስቸገረኝ ይላል።»

«ድገሚልኝ።»

«ደህና ነኝ፣ እናንተስ ይላል።»

ሙቀቱ የት ሄደ አላለቻትም። ስልኩን ተቀብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ጣቷንም የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች።

«መ... ሲ። እማን... አ... ደራ።»

መሲ ማማሰሉን ተወች፤ ሽሮው ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ። ሰገነት ግን አላቆመችም። «ታማለች» የሚለውን ብቻ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እስከ መጨረሻው አንብባ ስልኩን ጉያዋ ከተተች።

«እሑድ ስትደርሺ፣ አልታመመችም፣ ማንበብ ተምራለች በያቸው» አለቻት።