ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

ድንቢጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። ሽንት ቤት ደጋግማ ብትመላለስም ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ፍርሃት ነዋ።

አምና በዚሁ የትምህርት ቤት አዳራሽ ብቻዋን ስትዘፍን፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ተማሪው እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ለወራት ባለፈችበት ኮሪደር ሁሉ እንደ አውራ ዶሮ ጮኹባት። ስለዚህ ጓደኞቿ ሎጋውና ኳኳታ ባንድ እናቋቁም ብለው ሲለምኗት ቁርጡን ነገረቻቸው።

«አንዴ እሞክራለሁ። ድምፄ ከተሰነጠቀ ግን ሁለተኛ ማይክ አልይዝም፤ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ።»

ሎጋው ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው ጊታሪስታቸው ነው። ኳኳታ ደግሞ ከበሮ ስለሌለው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሳጥኑን በመዳፉ ይደልቃል፤ አፉም እንደ እጁ አያርፍም። «ኦልተርኔቲቭ ሮክ ነን፤ ኤሌክትሪክ ግን አንነካም» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ጊታሩ ከሎጋው አጎት የተወረሰ አሮጌ ነው። ክሩ እንደ ደንቡ ከጠበቀ ይበጠሳል ብለው ስለሚፈሩ፣ ሁልጊዜ አላልተው ነበር የሚቃኙት። በኳኳታ ቤት ጋራዥ ዓመቱን ሙሉ የተለማመዱት በዚያ በወረደ ቅኝት ነው። ውሎ አድሮ ሌላ ልክ መኖሩንም ረሱት።

የሙዚቃ መምህሩ ታዲያ ዛሬ ደግነቱ አላስቻለውም። ከመድረኩ ጎን ጊታሩን አንስቶ በመቃኛ መሣሪያ ቃኘላቸው።

«ክሩ ላልቶ ነበር። አሁን የሰው ጊታር ሆኗል» አላቸው።

ሎጋው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ድንቢጥም ሰምታለች፤ በጭንቀቷ መሃል ልብ አላለችውም እንጂ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሎጋው ክሩን ሲመታ ድንቢጥ ክው አለች። ዜማው የራሳቸው ነው፤ ግን ሽቅብ ወጥቷል። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ምንም ተወጣችው፤ ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ አልደርስ አላት። ያ የምትፈራው ከፍ ያለ ቦታ ገና ከፊቷ ነው፣ ዛሬ ይባስ ብሎ ከፍ ብሎ። ሎጋውን በዓይኗ ለመነችው፤ እሱ ግን የገዛ ጣቶቹን ነው የሚያየው። ከኋላ ወንበር አንዱ ከወዲሁ «ኩኩሉ!» አለ።

ድንቢጥ እጇን አነሳች።

«አቁሙ!»

ከፊት ወንበር ላይ እናቷ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ስትጭን አየቻት።

«ከፍ ብሎብኛል። ወደ ድሮው መልሰው» አለች፣ ማይኩ ላይ፣ ሁሉም እየሰማት።

ሎጋውን ላብ አጠመቀው። «እዚህ? ሰው ፊት? የቱ ጋ እንደነበር እኮ ጠፋብኝ!»

«ቅኝቱ ልክ ነው እኮ ልጆች!» አለ መምህሩ ከጎን ሆኖ።

ኳኳታ ከሳጥኑ ላይ ቀና አለ። «የመነሻውን ድምፅ ያዢለት፣ እህቴ» አላት፣ ለአንድ ቀን እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉሮሮሽ ያውቀዋል።»

ዓይኗን ጨፈነች። ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ የምትነሳበትን ድምፅ አውጥታ ያዘችው። ሎጋው ክሩን እያላላ ተከተላት፤ አለፈው፣ መለሰው፣ እንደገና አለፈው። ትንፋሿ ሲያልቅ ደግማ ያዘችው። ሳጥኑ ዝም ብሏል፤ ጊታሩም ገና መንገድ ላይ ነው። አሁን ብትሰነጠቅ የሚሸፍናት የለም። ሕዝቡም ያንኑ የሚጠብቅ መሰላት።

«ገጠመ!» አለ ሎጋው፤ ሌሎቹንም ክሮች በዚያው ልክ መለሳቸው።

ዓይኗን ስትገልጥ የሚስቅ ሰው አጣች። ያን ሁሉ ጊዜ፣ በሞላ አዳራሽ ፊት፣ ብቻዋን ስትዘፍን እንደነበር የታወቃት ያኔ ነው። ወደ ሎጋውና ወደ ኳኳታ ዞረች።

«ከመጀመሪያው» አለቻቸው።