ዝም ያሰኘሁት ኮምፓይለር

ይህን ኮምፓይለር የሠራውን ሰው ባገኘው፣ ላፕቶፔን አሸክሜ አሸተን ማርያም ድረስ በዳገቱ አወጣው ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ላሊበላ፣ አባቴ ቤት ተቀምጬ ለአሮጌ ላፕቶፖች የሚሆን ነጻ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ራስት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እጽፋለሁ። ኮዱን የሚያጣራው ኮምፓይለር ግን «አንዱ እያነበበው ያለውን ሜሞሪ ሌላው መለወጥ አይችልም» እያለ ይመልስብኛል። ትናንት በቃኝ አልኩና በየቦታው «እዚህ ጋ አታጣራ፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው» የሚል ትእዛዝ አስገባሁ። ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ድራይቨሩን ሳስነሳው ስክሪኑ ተቆራርጦ ደረቀ።

ጠረጴዛውን በቡጢ ስነርተው አባቴ መሪጌታ ባምላክ ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑን የብራና መጻሕፍት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። በንዴት ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እኔስ ብሆን፣ ጸሐፊው እየፋቀ የሚያርመውን ዳዊት ለአንባቢ እሰጣለሁ?» አሉ።

«አባ፣ ሥራዬ እኮ ዘገየብኝ!»

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ጠባቂውን ያባረርከው አንተ፤ ጠረጴዛው ምን አደረገህ?»

ትእዛዞቹን ሰረዝኳቸው። ኮምፓይለሩ ወዲያው አርባ አንድ ስህተት ዘረገፈብኝ። ሁሉም የኔው።