ለሁለት ነጥብ አንድ የቆሙ ምስክሮች

በዚያ ሰሞን የምሥራችን ያልመከረ ሰው አልነበረም። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ኮሌጅ ዲግሪ ላላቸው ሠራተኞች የቅዳሜና እሑድ የሕግ ትምህርት መክፈቱ እሷ የምታስተምርበት መሐል ሜዳ ድረስ ተሰማ። እሷ ደግሞ ሕግ መማር የተመኘችው ዛሬ አይደለም። ችግሩ ነጥቧ ነው። በጂኦግራፊ የተመረቀችው በሁለት ነጥብ አንድ ነበር። ማስታወቂያው ሁለት ነጥብ አምስት ይላል። ከዚያ በታች ያመጣ አመልካች መምህራን ፊት ቀርቦ ነጥቡ ለምን እንዳነሰ ያስረዳል፤ ካሳመነ ይገባል፣ ካላሳመነ ይመለሳል። ልቧን ያወለቀችው ይቺ «ያስረዳል» የምትል ቃል ናት። ምን ብላ ታስረዳ?

አብሯት የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር አትናቴዎስ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ተይው ባክሽ። በሁለት ነጥብ አንድ ሕግ? አዋርደው ከሚመልሱሽ ሳትሄጂ ብትቀሪ አይሻልም?» አላት። የቤት አከራይዋ እትዬ ኮከቤ በበኩላቸው ባል ይቅደም ባይ ናቸው። ባል ቀድሞ የት እንደሚደርስ ግን አልነገሯትም።

ከሁሉም የባሱት አባቷ ነበሩ። አቶ ጫኔ ከጎረቤታቸው ከአቶ ጌጡ ጋር በአንድ የገብስ ማሳ ድንበር ሲካሰሱ ልጅ ወልደው ልጅ ድረዋል። የተጣሉበት መሬት አንድ በሬ እግሩን ዘርግቶ አይተኛበትም። ነገሩ ግን ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ሲመላለስ ዳኞቹ አልቀው እነሱ ቀርተዋል። እንዲህ ላለ ሰው ነጥብም ፍርድ ነው።

«ሁለት ነጥብ አንድ ብሎ የፈረደብሽ ማነው?» ይሏታል።

«ፈተና ነው አባዬ። ማንም አልፈረደብኝም።»

«ከስንት ነው?»

«ከአራት።»

«እኩሌታውን ሰጥተውሽ ዝም አልሽ? እኔ የመሬቴን እኩሌታ ቢሰጡኝ እቀበል ነበር? ይግባኝ በይ እንጂ!»

«ይግባኝ የለውም!»

«ይግባኝ የሌለው ፍርድ የት አገር ነው ያለው?»

እሷማ ነጥቧን ማን እንደበላው ታውቃለቻ! የችሎት ቀጠሮ ሁልጊዜ ጥርና ሰኔ ላይ ይውል ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ፈተናም ጥርና ሰኔ ነው። አቶ ጫኔ ማንበብ አይችሉም፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ደግሞ አያምኑም። ስለዚህ ሰው ለምነው ስልክ ያስደውላሉ፤ እሷም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተንገላታ መጥታ መልስ ጽፋ፣ ችሎት ቆማ አንብባ ትመለሳለች። ፈተናውን አንዳንዴ ሳታጠና ትደርስበታለች፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ያልፋታል። ይህን ለአባቷ ነግራቸው አታውቅም። አሁን መምህራኑ ፊት ብትናገረው አባቷን ማጋለጥ ሆነባት፤ ባትናገረው ደግሞ ሕግን እንደተመኘች ልትቀር ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ ከንዝንዙ እንኳ ልገላገል ብላ ተመዘገበች።

የምትቀርብበት ቀን ደርሶ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ገና አልቆረጠችም ነበር። ግማሽ ልቧ በመጣሽበት አውቶቡስ ተመለሺ ይላታል። ኮሌጁ በር ላይ ያየችው ነገር ሌላውን ግማሽ ሊነጥቃት ነበር። አባቷ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆመዋል። አጠገባቸው ፊደል ያስቆጠሯት መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ደግሞ፣ ጉድ ነው፣ አቶ ጌጡ! ትናንት አብረው መጥተው፣ ከአንድ አገልግል ቆርሰው በልተው፣ አንድ ቤት አድረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ አባዬ?»

«ምስክር ነዋ። ነጥብሽን የሚያስተባብሉ።»

«እዚህ ምስክር አይሰማም!»

«ምስክር የማይሰማበት የሕግ ትምህርት ቤት? ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምሩት?»

«እሺ፣ አቶ ጌጡንስ ለምን አመጧቸው?»

«የባላጋራ ምስክርነት አይነቀፍም» አሉ፣ ይህንንም አለማወቋ እያሳዘናቸው።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ሦስቱም ተከትለዋት ገቡ። ከጠረጴዛው ጀርባ ከተቀመጡት መምህራን መሐል ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች። ሽማግሌዎቹን አየት አደረገችና ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ከዚያ ድረስ ከመጣችሁ፣ በአጭሩ እንስማችሁ» አለች። የምሥራች አስወጡልኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ መሪጌታ ቀደሟት።

«በሐሰት አትመስክር ይላል መጽሐፉ» ብለው ጀመሩ። «እቺ ልጅ ወንዶቹ አቡጊዳ ላይ ሲንገታገቱ ዳዊት የደገመች ናት። ይኸው ነው ቃሌ።»

አቶ ጌጡ ቀጠሉ። ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠመጠሙ።

«እኔ የአባቷ ባላጋራ ነኝ፤ ሰውን የሚያውቀው ደግሞ ባላጋራው ነው። ይሄ ጫኔ የምትሉት ሰው ብቻውን ቢሆን ድሮ ረትቼው ነበር። የረታችኝ እሷ ናት! ጥርም ይሁን ሰኔ፣ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲዋ እየበረረች ትመጣለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። እኔ እንኳ መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ በፈነዳ እያልኩ ስለት እሳል ነበር።»

አቶ ጫኔ ልጃቸው በባላጋራቸው አፍ ስትመሰገን ደስ ብሏቸው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። የሰብሳቢዋ ብዕር ግን ቆመ።

«ጥርና ሰኔ አሉኝ?»

«ጥርና ሰኔ። ክረምትማ ችሎት ዝግ አይደል?»

ሰብሳቢዋ ወደ የምሥራች ዞረች። «ጥርና ሰኔ ፈተና አልነበረሽም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ነገሩ ለሁሉም ገብቶ ለአቶ ጫኔ መጨረሻ ደረሳቸው። እጃቸው ከጢማቸው ወረደ።

«ፈተና ነበረሽ እንዴ?»

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ይሄኔ ስንት ዘመን ያፈነችው ገነፈለ። «መቼ ጠይቀውኝ! ደህና ነሽ እንኳ ሳይሉ፣ ችሎት ነው ነይ ነበር የሚሉኝ! አሁን ደግሞ ማነው የፈረደብሽ እያሉ ያደርቁኛል! ሰለቸኝ አባዬ! መሬቱም፣ ቀጠሮውም፣ ሁሉም ሰለቸኝ!»

መሪጌታ አማተቡ። ሰብሳቢዋ ሽማግሌዎቹን፣ «ክሱ አልቋል?» ስትል ጠየቀች።

«የት ያልቃል!» አሉ አቶ ጌጡ። «መጪው ሰኔ ቀጠሮ አለን።»

«እንግዲህ ነጥብሽ ለምን እንዳነሰ ገብቶናል» አለቻት ሰብሳቢዋ። «እኛም ሰኔ ላይ ፈተና አለን። አባትሽ ቢጠሩሽ ትሄጃለሽ?»

የምሥራች ወደ አባቷ አየች። የማያነቡትን ወረቀት ይዘው ዳኛ ፊት ብቻቸውን ሲቆሙ ታያት። አሳዘኗት። ማዘኗ ራሱ አናደዳት፤ እዚህ ያደረሳት ይኸው ሆዷ ነውና።

«አልሄድም» አለች። ድምፅዋ ከአሰበችው በላይ ጮኸ።

አቶ ጌጡ ወደ ባላጋራቸው ጠጋ ብለው፣ «አይዞህ፣ ያንተንም የኔ ልጅ ያነብልሃል» አሉ በሹክሹክታ። አቶ ጫኔ አልሰሟቸውም። ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

«አልጠራትም። ቃሌ ይመዝገብልኝ።»

ሰብሳቢዋ ግራና ቀኝ ካሉት ባልደረቦቿ ጋር ተንሾካሾከች፤ ከዚያ ጻፈች። አቶ ጫኔ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩት፤ ባልታመነ ጸሐፊ የተጻፈ ወረቀት ሲያዩ እንደሚያደርጉት ፊታቸው ኮሶ መሰለ።

«ምን ብላ ነው የጻፈችው? አንብቢልኝ እስቲ።»

ሰብሳቢዋ ወረቀቱን አዙራ ገፋችላት። የምሥራች ጎንበስ ብላ አነበበች።

«አባቷ በፈተና ጊዜ ላይጠሯት ቃል ሰጥተዋል። ትግባ።»

አቶ ጫኔ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደግመሽ አንብቢው» አሏት።