እናት የተባለው ዲስክ

የወንድሜ ኮምፒውተር የሞተው እሱ ከሞተ በሰባተኛው ወር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሚስቱ ልትከፍተው ብትሞክር ጠቅ ጠቅ ሲል ቆየና ጭልም አለ። ወዲያው ደወለችልኝ።

«ምሁሩ፣ ና እስቲ። ጉድ ፈልቷል።»

ምሁሩ የምትለኝ ስትቀልድብኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ ስመለስ የቤታቸውን በር መቆለፊያ ማስተካከል አቅቶኝ ግማሽ ቀን ስታገል ያወጣችልኝ ስም ነው። እኔ ደግሞ እታለም እላታለሁ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች።

ከኮምፒውተሩ የምትፈልገው የወንድሜን ድምፅ ብቻ ነበር። ወንድሜ የኮምፒውተር መምህር ነበር። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ላይ ያገኙት ነገር ድምፁን እንደሚወስደው ሲነግሩት ለልጁ አሥራ ሁለት ተረቶች በድምፁ ቀዳላት። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አራት ሞልቷታል። ባለፈው ሳምንት እናቷን «አባዬ ሲያወራ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ላሰማት ነበር እኮ፤» አለችኝ እታለም፣ የጠቆረውን ስክሪን በመዳፏ እየጠረገች። «አንጀቴ አልችል እያለ፣ ዛሬ ነገ ስል ይኸው።»

«አይዞሽ። እሱ ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይዝ አይቀርም።»

በእርግጠኝነት ነበር የተናገርኩት። የወንድሜ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ «ልጆች» የሚል የተለጠፈበት ትንሽ ዲስክ አገኘሁና ከኮምፒውተሩ ጋር ይዤ ወጣሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ የወንድሜ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ኮምፒውተሩን ፈትቶ ጆሮውን አስጠጋና ራሱን ነቀነቀ።

«የዚህስ ነፍሱ ወጥታለች፣ ጋሼ።» ከዚያ ያመጣሁትን ዲስክ ሰክቶ ከፈተው። የፋይሎቹ ዝርዝር ልጅ 1፣ ልጅ 2 እያለ እስከ ልጅ 64 ይወርዳል። ፊቱ በራ። «መምህር! እንዳስተማሩን አድርገው ነው የያዙት። እናታቸውስ የት አለች?»

«እናታችን? ደህና ናት። እርጅና ነው እንጂ።»

ሳቁ አመለጠው። «የእርስዎን እናት አይደለም። የእነዚህን እናት ነው።»

ከዚያም ወንድሜ ክፍል ውስጥ ይል እንደነበረው አስረዳኝ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይቀዳል፤ ያቺ ቅጂ እናት ናት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሚቀዳው ከትናንት ጀምሮ የተለወጠው ወይም አዲስ የመጣው ብቻ ነው፤ እነሱ ልጆች ናቸው። ቦታ አይፈጁም፣ ቶሎ ያልቃሉ። የጠፋ ነገር ሲመለስ ግን እናት ትቀድማለች፣ ልጆቹ በየተራቸው ይከተሏታል።

«ያልተለወጠ ነገር ልጆቹ ላይ አይገኝም፤» አለ። «ለምን ይደጋገማል? እናት ዘንድ አለ።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። በሌላ ቋንቋ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ። በዚህ ስም ግን አላውቀውም ነበር።

ከሦስት ወር በፊት እዚያው መሳቢያ ውስጥ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ «እናት» የሚል ሌላ ዲስክ አግኝቼ ነበር። ለእናታችን ያዘጋጀው መሰለኝ። ስከፍተው አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ አለ፤ እሱም እምቢ አለኝ። የተበላሸ ነው ብዬ ፎርማት አድርጌ ባዶ አደረግኩት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ፎቶዎቼንና ቪዲዮዎቼን ጫንኩበትና ወስጄ ለእናታችን ሰጠኋት። በካፖርት የቆምኩበትን፣ ድልድይ ላይ የሳቅኩበትን ለጎረቤት ሁሉ በቴሌቪዥን ታሳያለች።

ይህን ስነግረው ጠጋኙ ጠየቀኝ። «እስከ አፉ ሞልተውታል?»

«እስከ አፉ።»

«እንግዲያው የድሮው ተደምስሷል፤ ከሥሩ የሚወጣ ነገር የለም።» ማዳመጫውን አቀበለኝ። «ልጆቹን ይስሟቸው።»

ተረቶቹ አልነበሩም። አንዴ ተቀድተው አልተነኩማ። በየቀኑ የተለወጠው «ሰላምታ» የሚል አንድ ፋይል ብቻ ነው። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደገና እየቀዳ በትናንቱ ላይ ይተካው ነበር፦ «ልጄ፣ አባትሽ ነኝ። ደህና አደርሽ?» ነገ ይሻለኝ ይሆናል ብሎ ይመስለኛል። ልጅ 1 ላይ ትንሽ ጎርነን ብሏል እንጂ ራሱ ነው። ልጅ 9 ላይ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ልጅ 30 ሹክሹክታ ነው። ከጀርባዬ የቆመ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

ልጅ 41 ላይ ስልክ ይጮኻል። የእታለም ድምፅ «ወንድምህ ነው» ይላል። እሱም በዚያ በሌለ ድምፁ፦

«ተኝቷል በይው። እንዲህ ሆኜ አይስማኝ።»

ያን ዓመት እኔ ገና ሩቅ አገር ነበርኩ፤ የሚልክልኝ አጫጭር መልእክት ብቻ ነበር። ኮርቶብኛል ብዬ እኔም መደወል ትቼ ነበር።

«ማሽኑ በላው ማለት ይችላሉ፤» አለኝ ጠጋኙ ስወጣ። «እኔ ትንፍሽ አልልም።»

መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስለማመድ ሄድኩ። እታለም በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ሳይ ግን ውሸቱን ተውኩት። እንዳለ ነገርኳት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እታለም። እናት ሲል ለእናታችን መስሎኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ተምረህ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሊመሽ ምንም አልቀረውም መሰለኝ፤ ሰዓቱ ግን ገና ስምንት ነበር። «ምን ተረፈ?»

«የተለወጠው ብቻ።»

«የመጀመሪያውን ክፈትላት።»

በእኔ ላፕቶፕ ከፈትኩት። ልጅቷ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ሰማች።

«አባዬ ጉንፋን ይዞታል?»

«ትንሽ፤» አለች እናቷ።

«ደህና አደርሽ አለኝ እኮ።» ወደ ማሽኑ ጠጋ ብላ «ደህና!» አለች ጮክ ብላ።

ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ሱቅ ውስጥ ንግግሩ ሲያልቅ እያቋረጥኩ ወደሚቀጥለው እሻገር ነበር። ፋይሉ ግን እየሄደ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ ዝምታ፤ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል።

«ጎበዝ፤» አለ ወንድሜ። «እኔም ደህና ነኝ።»

ልጅቷ ዞር ብላ እኛን አየች፣ አልገረማትም። እታለም ግድግዳውን ይዛ ቆማለች።

«ሁሉም ላይ እንዲህ እያለ ይጠብቃታል?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ብቻህን ሰምተህ እንዳትጨርሰው። ሁለተኛውን ነገ ጠዋት ትከፍትልናለህ።»