የምትበላውን አብስልለት

ሴትዮዋ የውሻ ምግብ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ናሙና መርማሪ ነበረች። ጭነት በመጣ ቁጥር ረጅሙን የብረት መውጊያ ጆንያው ውስጥ ትሰካለች፣ እህሉን ታወጣለች፣ ታሸታለች፣ ትመረምራለች፣ ከዚያም ፎርሙ ላይ ትፈርማለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች። ሠራተኞቹ አፍንጫዋ ከመሣሪያው ይቀድማል ሲሉ ትሰማለች፤ ደስም ይላታል።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከከተማው ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዳኛው ጋር ይኖራል። ዳኛው ውሻ ነው። ስሙን ያወጣችለት የሴትዮዋ እናት ነበረች፤ ባልና ሚስት በተነታረኩ ቁጥር መሐላቸው ቁጭ ብሎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው እያየ ስለሚያዳምጥ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ሽማግሌው ወሬውን ሁሉ ከዳኛው ጋር አደረገው። "ዛሬ ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ ብሎኛል፤ እስቲ ፍረድ" ይለዋል። ሴት ልጁ ደግሞ በየወሩ ከፋብሪካዋ አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ታመጣላቸዋለች። ከረጢቱ ላይ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ውሻ ሥዕል አለበት። ሽማግሌው ሥዕሉን ለዳኛው እያሳየ "ይሄ ያጎትህ ልጅ ነው፤ ከሱ ማነስ የለብህም" ይለው ነበር።

በዝናቡ ወር አንድ የበቆሎ ጭነት ገባ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጆንያ ስትወጋ ነው ያወቀችው። እፍን ያለ፣ እርጥብ ምድር ቤት የሚመስል ሽታ። ፍሬዎቹ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ነበር። መሣሪያውም የሻጋታው መርዝ ከልክ ማለፉን አሳየ። ፎርሙ ላይ "አይለፍ" ብላ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ቢሮው አስጠራት።

"ከደህናው ጋር ይቀላቀል" አላት። "ይሳሳል።"

"ጌታዬ፣ ሽታው ቢሳሳ መርዙ የት ይሄዳል?"

"ውሻ እኮ ነው! ቆሻሻ ገንዳ ገልብጦ የሚበላ እንስሳ ነው። ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል፤ እኔ የምጠየቀው ስለ ማሽኑ ነው።" አዲስ ፎርም ወደ እሷ ገፋ አደረገ። "ያኛው ይቀደድ።"

እጇን ይዞ ያስፈረማት የለም። ቆማ ነበር፤ ጎንበስ ብላ ፈረመች። ወደ ሥራ ክፍሏ ስትመለስ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበች።

ከዚያ ጭነት የተሠራው ምግብ ለሠራተኞች ሲታደል ለአባቷ የሚደርሰውን እሷ ሳታውቅ የፋብሪካው ሹፌር ወስዶለት ነበር። ይህን ስትሰማ ከመጋዘኑ ደጃፍ ስልክ ደወለች።

"አባባ፣ የመጣልህን ከረጢት ጣለው። ለዳኛው እንዳትሰጠው።"

"ውይ! አሁን ቀደድኩት፤ ቁርሱን በላ እኮ። ምን ሆነ?"

"ምንም። ጥራቱ እንደ ድሮው አይደለም።"

"መርማሪዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። እንዳይጠይቃት ነው የሳቀችው። "በቃ ቤት ውስጥ እየሠራህ አብላው።"

"እኔ? ምን አውቄ? ምን ልሥራለት?"

ከኋላዋ የጭነት መኪና ክላክስ እያስጮኸ ነበር። "የምትበላውን አብስልለት አባባ! አንተን ካልጎዳ እሱን ምን ያደርገዋል?" አለችና ዘጋችው።

ሽማግሌው ቃሏን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ዳቦና ሻይ ላይ የቆየ ሰው ገበያ መውጣት ጀመረ። ጉበት ያስመዝናል፣ ካሮት ይመርጣል፣ ሩዝ ይለቅማል። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ልትጠይቀው ስትመጣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሟች ሚስቱን ሽርጥ አስሮ አገኘችው። ቤቱ የተቁላላ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ይህን ሽታ በዚያ ቤት ውስጥ ካጣችው ቆይታለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳኛው ሳህኑን እየላሰ ግድግዳው ድረስ ሲገፋው አባትና ልጅ አብረው ሳቁ። ምን እንዳበሰለ አልጠየቀችም።

በቀጣዩ ሳምንት ዳኛው ደረጃው መሐል ተቀመጠ፤ አልነሳ አለ። ሽማግሌው "ጉልበት ነው፣ እሱም እንደኔ አርጅቷል" ብሎ ተሸክሞ አወጣው። በሁለተኛው ቀን ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። ልጁ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሟ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች፤ ነጥቶ ወረቀት መስሏል።

"ምንድን ነው የሚበላው አባት?"

ሽማግሌው ቀና ብሎ ቆመ። "የፋብሪካ ነገር ትተናል። እኔው ነኝ የማበስልለት። መጀመሪያ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል አደርጋለሁ፣ ከዚያ ጉበቱን..."

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። "በየቀኑ ሽንኩርት?"

"ታዲያ ያለ ሽንኩርት ምን ይጣፍጣል?"

ሐኪሟ ሽንኩርት ለሰው ደህና ቢሆንም የውሻን ደም እንደሚያፈርስ ቀስ ብላ ነገረችው። ደም ሰጡት፤ አልያዘለትም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ አገጩ ሽማግሌው መዳፍ ላይ እንዳረፈ፣ ዳኛው ሞተ።

ቤት ሲገቡ ሽማግሌው ወጥ ቤቱ መሐል ቆሞ ሁለቱን እጆቹን አያቸው። "በነዚህ ነው" አለ። "እያቆላመጥኩ ገደልኩት። ደግሞ እኮ ጭማሪ ሲለምነኝ እሰጠው ነበር።"

ሐኪሟ የገደለው ሽንኩርቱ ነው ብላለች፤ ይህን ልጁም ሰምታለች። ግን ከሸክሙ ጥቂት ካላነሳችለት አባቷ ከዚህ ወጥ ቤት በሕይወት የሚወጣ አልመሰላትም።

"አባባ፣ አንተ አይደለህም። ከረጢቱ ነው። በቆሎው ሻግቶ ነበር። መርዝ ነበረው። እኔ ነኝ ፈርሜ ያሳለፍኩት።"

ሽማግሌው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

"ስትደውዪልኝ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እየሳቅሽ ነበር እኮ።"

"አፍሬ ነው አባባ።"

"መርዝ በልቷል ብትዪኝ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ እሮጥ ነበር። ምን ላብላው ብዬ እጠይቅ ነበር። ሽንኩርቱን ያኔ ይነግሩኝ ነበር።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀና ብሎ አያትና፣ "ሌሎቹስ?" አለ።

"የትኞቹ?"

"ከረጢቱን የሚገዙት ሰዎች። ለነሱስ ደወልሽላቸው?"

አልደወለችላቸውም። ሸክሙን ላውርድለት ብላ የከፈተችው አፍ ሌላ ሸክም ደርቦበታል። ከሁለቱ ጥፋት አንዱ እንኳ አልቀነሰም።

ሰኞ ኃላፊው ዘንድ ገብታ የተሠራጨው ምግብ ይሰብሰብ አለች። ኃላፊው ፋይሉን ገልጦ ወደ እሷ አዞረላት። "ተሽጦ አልቋል። ይሰብሰብ ከተባለም ይሰብሰብ፤ ግን ይለፍ ያለችው ማን ናት?" የራሷን ፊርማ አየችው። ከታች ያለችው መስመር እንኳ ሳትንቀጠቀጥ ቀጥ ብላለች። ፋይሉን ዘግታ ወጣች። ሥራዋን አልለቀቀችም። ለማንም አልተናገረችም። አፍንጫዋ ግን ከዚያ ወዲህ የሚነግራትን ማመን አቃታት፤ ደህናውም እህል ይሸታታል፣ የሸተተውም ደህና ይመስላታል።

ሽማግሌው ምድጃውን ዳግመኛ አልለኮሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ሠርታ ትወስድለታለች። በሩን ይከፍትላታል፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይቀበላታል፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው "እግዜር ይስጥልኝ" ይላታል። በሳምንቱ ስትመጣ ሳህኑን ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ክዳኑ እንኳ ሳይነሳ፣ ታገኘዋለች። አውጥታ ትደፋዋለች፤ አጥባ አዲሱን ታስቀምጣለች። እሱ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ለምን እንዳልበላ አትጠይቀውም፤ እሱም አይነግራትም።