ሁለቴ የተንኳኳው በር

ልጄ ውቢት ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። አሠሪዎች ስልክ ይፈትሻሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ከመሄዷ በፊት ታላቅ ወንድሟን ይሄነውን ዘዴ እንዲያበጅላት ለመንኩት። ስልኳ ላይ የሒሳብ መደመሪያ የሚመስል ነገር ጫነላት። እሱን ስትነካ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ ከጠረጴዛው ሥር ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛታል። ደብዳቤዋን ትተዋለች፣ የእኛን ታነባለች፣ ስልኳ ላይ ግን ምንም አይቀርም።

ይሄነው የሚሠራው ዳንግላ ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት እንድጠብቀው አሠራሩን አስረድቶኛል። ማሽኑ ትንሽ ነው። ደብዳቤ የሚቀበለው፣ ፎቶ የሚቀበለው፣ ድምፅ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ይሄነው አገልጋይ የሚላቸው፣ ሁሉም ሌት ተቀን ቆመው ቢውሉ አይችላቸውም። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነቅቶ ይቀመጣል፤ ይሄነው አድማጭ ይለዋል። ለየአገልጋዩ ቁጥር ያለው በር አለው። አንዱ በር ሲንኳኳ አድማጩ የመጣውን ይቀበልና በሩ የማን እንደሆነ ከዝርዝሩ ያያል። ከዚያ ባለቤቱን አገልጋይ ቀስቅሶ እንግዳውን ያስረክበዋል፤ ራሱ ወደ ማዳመጡ ይመለሳል። እንግዳው ሲወጣ አገልጋዩም ያበቃለታል። መግቢያውንም መውጫውንም አድማጩ ይመዘግባል። እኔ በየቀኑ አነበዋለሁ።

ውቢት እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። ከግንቦት ወዲህ ቀረች።

በእሷ ፈንታ ሌላ ነገር መምጣት ጀመረ። ቀትር ላይ የደብዳቤው በር ይንኳኳል፣ አገልጋዩ ይነሳል፣ እንግዳው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይወጣል። ሰኞም እንዲሁ፣ ማክሰኞም እንዲሁ። ለይሄነው ደወልኩለት።

«እማ፣ ዓለምን እየዞሩ የሰው በር የሚሞክሩ ማሽኖች ናቸው።»

«ማሽን ከሆነ ለምን ቀትር ይመርጣል?»

«ሌላ ጊዜም ይመጣሉ። አንቺ የቀትሩን እየለየሽ ነው የምታዪው።»

«እናቴ ጥርባ ሐይቅ ዳር ስታሳድገኝ፣ በቀትር ከሐይቁ በኩል ስምሽ ቢጠራ እስከ ሦስተኛው አቤት እንዳትዪ ትለኝ ነበር። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል።»

«እና አድማጩን ጠበል ላስጠምቀው?»

«ሦስተኛው ላይ ይክፈት።»

ሳቀብኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን እንዳልኩት አደረገው። «ለሌቦቹም ጥሩ ነው፤ አንዴ ሞክረው ነው የሚያልፉት» አለ እየጻፈ። ውቢትም ሦስቴ እንድትነካ መልእክት አስቀመጠላት። ከዚያ በኋላ የቀትሩ እንግዳ ጠፋ፤ እኔም ጥቂት ቀን እንቅልፍ አገኘሁ።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱቁን ከፍቼ መዝገቡን አየሁ። ውቢት ካለችበት አገር፣ የደብዳቤው በር፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተንኳኩቷል። አልተከፈተም። ሦስተኛ የለም።

ለይሄነው ደውዬ ነገርኩት። «እማ፣ መልእክቱን እኮ ከደብዳቤዎቹ ጋር ነው ያስቀመጥኩላት» አለኝ። ሦስቴ አንኳኪ የሚለውን ለማንበብ መጀመሪያ ሦስቴ ማንኳኳት ነበረባት።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። ሦስተኛው ላይ ይክፈት የሚለውን መስመር ሰረዘና አድማጩ ዝርዝሩን እንደ አዲስ እንዲያነብ አዘዘው።

«አሁን የመጣውን ሁሉ በመጀመሪያው ይቀበላል። የቀትሩንም ጭምር» አለኝ።

«ይቀበል። ጋኔንም ከሆነ ይግባ።»

ዘጠኝ ቀን ምንም አልመጣም። ፎቅ ቤት ነው የምትሠራው፤ በእነዚያ ቀናት በሐሳቤ ስንት ጊዜ ከመስኮት ጥያት፣ ስንት ጊዜ ቀብሬያት እንደተነሳሁ አልናገርም።

በአሥረኛው ቀን ቀትር ላይ ባጃጅ ነጂው ደርበው መታወቂያውን ኮፒ ላደርግለት ሰጥቶኝ ሳለ አዲስ መስመር ወጣ። ውቢት ካለችበት አገር ነው። የደብዳቤው አገልጋይ ተነሳ። ደብዳቤ ግን አልገባም፤ መውጫም አልተጻፈም።

«እትዬ፣ አንድ ኮፒ ነበር ያልኩት» አለ ደርበው። «ይሄ ሁሉ እኮ መንታም ብሆን ይበዛብኛል።»

ሳያቋርጥ የሚያትመውን የኮፒ ማሽን አጥፍቼ ለይሄነው ደወልኩ።

«አለች ማለት ነው?»

«አይታወቅም። ስልኩ በድንገት ጠፍቶ ከሆነ አገልጋዩ አያውቅም። የሌለ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«በምን ይለያል?»

«አንድ ነገር ጻፊበት። የሚቀበል ከሌለ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ይሞክርና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ያኔ መውጫውን ታያለሽ።»

ጻፍኩ። «ውቢት፣ እናትሽ ነኝ። በሩን ያዘጋሁብሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ክፍት ነው።» ላክሁት።

ስልኩን አልዘጋንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደርበው ፊቴን አይቶ መታወቂያውን ከኮፒ ማሽኑ ላይ አነሳና በሩ ላይ ቆመ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሞላ።

«አልተዘጋም» አልኩ።

«እንግዲያው ደርሷል። ስልኩ በርቷል፣ የጻፍሽው እዚያ ስክሪኑ ላይ አለ።»

«ታዲያ ለምን አትመልስም?»

ዳንግላም እየዘነበ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

ሌላ መስመር ልጽፍ እጄን ሰደድሁ። አመመሽ ወይ ልላት ነበር። ያን ጊዜ የውቢት ስልክ በማን እጅ እንዳለ አሰብኩ። የከፈተችው አሠሪዋ ብትሆንስ? አማርኛ ባታውቅ የሚያነብላት አታጣም። የልጄንም ስም እናትነቴንም በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቻታለሁ። ልዝጋው ብል ደግሞ፣ ያለችው ልጄ ከሆነች ለሁለተኛ ጊዜ ዘጋሁባት።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ መውጫ አልተጻፈም። ከወዲያ ያለውም ሰው እንደ እኔው እጁን ሰብስቦ የእኔን ቃል እየጠበቀ ይመስለኛል።