የሊቀመንበሩ ጉንጭ

ማጅራት ገትር አሰበ ተፈሪ የገባ ሰሞን ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አሰግድ ሰው ሰብስቦ አወጀ፦ በርጫ ክልክል! ጫት የሸጠ ይታሰራል! አምስት ሰው አንድ ክፍል ተቀምጦ ከቃመ በሽታው ይዛመታል አለ። ይሁን፣ ይሄ እንኳ ያስኬዳል። በማግስቱ ጎረቤቴን ኩብራን ገበያ ላይ ጫቷን ዘርግታ አገኛትና አሰራት። ባሏ የሞተባት፣ በዚያች ጫት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት! ጫቷንም "ይቃጠላል" ብሎ አስጭኖ ወሰደው። ወላሂ፣ ጭሱን ያየ ሰው የለም።

የቀበሌው እስር ቤት መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ናት። የገበያውን ጫት ሻጮች ሁሉ እዚያች ውስጥ አጨቃቸው። አምስት ሰው አብሮ እንዳይቀመጥ የከለከለው ሰውዬ! ስንቅ ሳደርስላት ኩብራ በበሩ ቀዳዳ "ጣሂራ፣ አጠገቤ ያለችው ትኩሳት ይዟታል፣ አንገቷም ደርቋል" አለችኝ። ሮጬ ሄጄ አሰግድን ብለምነው "ሕግ ነው" ብሎ አባረረኝ።

ሕግ! አፈር ይብላና!

ከዚያ ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ቀበሌው በሽታውን ተከላከለ እንዲባል፣ አሰግድ እንግዳውን ለሚቀበለው ሰልፈኛ የአፍ መሸፈኛ ስፊ ብሎ አንድ ጣቃ አቡጀዴ ላከልኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰፋሁ። ለሕዝቡ በአንድ ልክ። እሱ ግን ከሕዝብ እኩል እንዴት ይሸፈን? "የእኔን በልኬ" ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ሱቄ መጣ። ግራ ጉንጩ ኳስ አክሏል። በብብቱ የያዘው ጫት ደግሞ በቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ኩብራ ለጫቷ ማሰሪያ እንዲሆናት ከእኔ ቁርጥራጭ የምትወስደው ጨርቅ።

ሜትሬን ይዤ "ጓድ ሊቀመንበር፣ አፍዎ ውስጥ ያለውን ቢተፉት" ስለው አፈጠጠብኝ።

"ምን አፌ ውስጥ አለ? ጥርሴን አሞኝ አብጦ ነው! እንዳለ ለኪ!"

ዓይኑን በጨው አጥቦ! አረንጓዴው ከንፈሩ ላይ ይታያል እኮ። እሺ ጓድ፣ እብጠት ከሆነ ለእብጠቱ ሰፋሁለት። ጨርቁን በግራ በኩል ሰብስቤ፣ ጉንጩ ሳይጨነቅ የሚገባበት ሰፊ ኪስ አወጣሁለት።

እንግዳው የመጡት በጠዋት ነው፤ በጠዋት ደግሞ የጓድ አሰግድ ጉንጭ ባዶ ነው። እስር ቤቷ ባለችበት በቀበሌው ግቢ ከሰልፉ ፊት ቆሞ "ጫትን ከቀበሌያችን ነቅለናል!" እያለ ሲፎክር፣ ያ ኪስ እንደ ፍየል ጡት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በተነፈሰ ቁጥር ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል። ሕዝቡ በመሸፈኛው ውስጥ ይስቃል፤ የሚታየው የትከሻው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

እንግዳው ጠጋ ብለው አዩትና "ይሄን ማን ሰፋው?" አሉ።

"ሰፊዋ ተሳስታ ነው" አለ አሰግድ ቶሎ ብሎ። "እርምጃ እንወስድባታለን።"

አቦ! ተሳስታ? ደሜ ፈላ። ሰልፉን ጥሼ ወጣሁ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። አልተሳሳትኩም። የለካሁት በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጉንጩን የሞላው ደግሞ ይቃጠላል ብሎ ከኩብራ የወሰደው ጫት ነው። እሷን ከታመመች ሴት ጋር አንድ ክፍል ቆልፎባታል። ካላመኑኝ በሩን ያስከፍቱ!"

ሳቁ ጠፋ። አሰግድ "ውሸቷን ነው" አለ። እንግዳው የሐረርጌ ሰው ናቸው፤ ስለ ዘጠኝ ሰዓት ጉንጭ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

"ክፈት" አሉት።

የእስር ቤቱ መቀርቀሪያ ሲነሳ የወጣው ትኩስ ሽታ የፊተኞቹን ሰልፈኞች ወደ ኋላ መለሳቸው። የታመመችውን በጋቢ አንጠልጥለው አወጧት፤ ራሷን አታውቅም። ኩብራ ግድግዳውን ተደግፋ ከኋላ ወጣች። ከሰፋኋቸው መሸፈኛዎች አንዱን አውጥቼ ላስርላት ስል እጄን ገፋችው።

"ተይኝ ጣሂራ! መጀመሪያ አየር ልሳብ።"